ባይኖኩላር ስትገዙ እንዳትሸወዱ፦ ከሱቅ ከመውጣታችሁ በፊት የሚደረግ ፍተሻ

«ባይኖኩላር ልገዛ ነው፣ የቱ ይሻለኛል?» ብሎ የማይደውልልኝ የለም። ደባርቅ ላይ አስጎብኚነት የጀመሩ ልጆች አሉ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አሉ፣ እሁድ እሁድ ጎርጎራ ወርደው ጣና ዳር ወፍ የሚያዩ አሉ። ሁሉም ታዲያ ቀጥለው የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ «ስንት እጥፍ ያቀርባል?» ገንዘብ የሚባክነው እዚችው ጥያቄ ላይ ነው። ለእያንዳንዱ በስልክ ከምዘረዝር እዚህ ላስቀምጠው።

መመሪያው መካከለኛ ገንዘብ ይዞ፣ በቀን ብርሃን የዱር እንስሳና ወፍ ለማየት ለሚገዛ ሰው ነው። ኮከብ ማየት የፈለገ ሌላ ስሌት አለው፣ እሱን አልነካውም።

ወደ ሱቅ ይዛችሁ የምትሄዱት

- ሚሊሜትር ያለው ማስመሪያ
- አንድ ነጭ ወረቀት
- መነጽር ቤት የሚሰጡት ዓይነት ለስላሳ ጨርቅ
- ስልካችሁ (መብራቱ ያስፈልጋል)
- መነጽር የምታደርጉ ከሆነ መነጽራችሁ
- ጊዜ። ከቀኑ 11 ሰዓት ግድም ብትሄዱ ጥሩ ነው፣ ለምን እንደሆነ ቁጥር 8 ላይ ታዩታላችሁ።

1. መጀመሪያ የት እንደምትጠቀሙበት ወስኑ

ሰሜን ተራሮች ውስጥ ጨነቅ የሚባለው ቦታ ላይ ቆሞ ከገደሉ ማዶ ያለ ዋልያ ማየት አንድ ነገር ነው። ጣና ዳር ቄጠማ ውስጥ የምትሹለከለክ ወፍ ማየት ሌላ ነው። ለዋልያው የሚያቀርብ ያስፈልጋል። ለወፏ ግን ሰፊ ቦታ የሚያሳይ ይሻላል፣ እሷ እንደሆነች ቆማ አትጠብቃችሁም።

ማጉያው በጨመረ ቁጥር ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ የምታዩት ቦታ ይጠባል። ባለ 8 እጥፉ 1,000 ሜትር ርቀት ላይ ወደ 130 ሜትር ስፋት ያሳያል፣ ባለ 10ሩ ወደ 110 ሜትር፣ ባለ 20ው ደግሞ ብዙ ጊዜ 60 ሜትር እንኳ አይሞላም። በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት ነው። ሁለተኛ፣ የእጃችሁን መንቀጥቀጥም እኩል ያጎላዋል። እዚያው ሰሜን ተራሮች ያሉት ሳንቃ በርም ጨነቅም ከ3,000 ሜትር በላይ ናቸው፤ ዳገቱን ወጥታችሁ ትንፋሻችሁ ሳይመለስ፣ ነፋሱም እየገፋችሁ ባለ 20 እጥፉን ዓይናችሁ ላይ ብትደቅኑት ዋልያው እስክስታ ሲወርድ ነው የምታዩት።

ስለዚህ ለሁሉም የሚሆን አንድ ብቻ ከሆነ የምትገዙት 8 ያዙ። አብዛኛው ጊዜያችሁ ተራራ ላይ ከሆነ 10 ይሆናል። ከ12 በላይ ያለውን ትሪፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ከሌላችሁ አትንኩት።

2. ቁጥሩን አንብቡ፣ ከዚያ አካፍሉት

ባይኖኩላሩ ላይ 8×42 የሚል ካያችሁ 8 ማጉያው ነው፣ 42 ደግሞ የፊተኛው ሌንስ ስፋት በሚሊሜትር። አሁን ሁለተኛውን ለአንደኛው አካፍሉት። 42 ለ8 ሲካፈል 5.25 ይመጣል። ይህ ከኋላ ወደ ዓይናችሁ የሚገባው የብርሃን ክብ ስፋት ነው።

ለምን ይጠቅማል? የዓይናችን ብሌን በጠራራ ፀሐይ ወደ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ይጠባል፣ ሲጨልም ደግሞ እስከ 5 እና ከዚያም በላይ ይከፈታል (ዕድሜ ሲገፋ ያን ያህል አይከፈትም)። ባይኖኩላሩ የሚሰጠው ክብ ከብሌናችሁ ካነሰ ምስሉ ይጨልማል። እስቲ ገበያ ላይ የሚታዩትን እናካፍል፦

10×42 → 4.2
10×25 → 2.5
20×50 → 2.5

አያችሁት? ያ ትልቁ 20×50 ሲመሽ የሚሰጣችሁ ብርሃን ኪስ ውስጥ ከምትገባዋ 10×25 አይበልጥም። ሰሜን ተራሮች ላይ ደግሞ ዋልያ ደህና ሆኖ የሚታየው ጧት ማለዳና ወደ ማታ ነው። በእኩለ ቀን ብቻ የምትወጡ ከሆነ ትንሿም ትበቃችኋለች። ካልሆነ ከ4 በታች የሆነውን አትግዙ።

ክብደቱንም አስቡት። 8×42 አብዛኛውን ጊዜ ከ600 እስከ 750 ግራም ይመዝናል። 10×50 ወደ ኪሎ ይጠጋል፣ ቀኑን ሙሉ አንገት ላይ ሲውል ይታወቃል። 8×32 ኪስ ውስጥ በምትገባዋና በ8×42 መካከል ያለ ጥሩ ምርጫ ነው።

3. የተጻፈው ቁጥር እውነት መሆኑን ለኩ

እዚህ ጋ ነው ማስመሪያው የሚወጣው። ካርቶኑ ላይ 60×60 ወይም ሌላ አፍ የሚያስከፍት ቁጥር የተጻፈባቸው ዕቃዎች ሞልተዋል። ሻጩም ላያውቅ ይችላል፣ እንደመጣለት ነው የሚሸጠው። እናንተ ግን ለኩ።

ሀ. የፊቱን ሌንስ ከዳር እስከ ዳር ለኩ። 50 ተብሎ 35 ከወጣ እዚያው መልሱ።

ለ. ባይኖኩላሩን ወደ ደማቅ መስኮት ወይም ወደ ሰማይ (ወደ ፀሐይ አይደለም!) አዙሩት። ከኋላው፣ ማለትም ዓይናችሁን በምታስጠጉበት በኩል ነጩን ወረቀት አስጠጉ። ትንሽ የብርሃን ክብ ታርፍበታለች። ወረቀቱን ጠጋና ራቅ አድርጋችሁ ጠርዟ ጥርት ሲል ለኳት። የሌንሱን ስፋት ለክቧ ስፋት ስታካፍሉ እውነተኛው ማጉያ ይወጣል። ለምሳሌ ሌንሱ 40 ሚሊሜትር፣ ክቧ 4 ከሆነች ማጉያው 10 ነው፣ ካርቶኑ ላይ የፈለገው ይጻፍ።

እግረ መንገዳችሁን የክቧን ቅርጽ እዩ። ሙሉ ክብ ከሆነች ውስጡ ያለው ፕሪዝም (ብርሃኑን የሚያጥፈው መስታወት) ደህና ነው፣ ብዙ ጊዜ ባክ 4 የሚባለው ዓይነት። ጠርዟ በግራጫ ጥላ ተቆርጦ ወደ አራት ማዕዘን ከተጠጋች ርካሹ ቢኬ 7 የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፣ የምስሉ ዳር ዳር ይጨልማል።

4. ለዓይናችሁ አስተካክሉት

ሳታስተካክሉ የምትፈትኑት ባይኖኩላር ጥሩም ሆነ መጥፎ አንድ ዓይነት ነው የሚመስላችሁ። ብዙ ሰው ይህን ዘሎ «ይሄ ደብዛዛ ነው» ብሎ ደህናውን ዕቃ ይመልሳል።

በመጀመሪያ ሁለቱን ቱቦዎች አጥፋችሁና ዘርግታችሁ፣ ሁለት ክብ ሳይሆን አንድ ክብ ብቻ እስኪታያችሁ አስተካክሉ። ቀጥሎ ሩቅ ያለ ጽሑፍ ፈልጉ፣ የሱቅ ታፔላ ይሆናል። የቀኙን ሌንስ ከፊት በእጃችሁ ሸፍኑና በግራ ዓይን ብቻ እያያችሁ የመሃሉን መዘውር አዙሩ፣ ጥርት ሲል ተዉት። አሁን ግራውን ሸፍኑ። የመሃሉን ሳትነኩ የቀኝ ዓይን ማያው ላይ ያለችውን ቀለበት ብቻ አዙሩ። ሁለት ዓይናችን እኩል ስለማያይ ያቺ ቀለበት ልዩነቱን ታካክሳለች። አንዴ ካገኛችኋት ቦታዋን አስታውሱ፣ ከዚያ በኋላ የምታዞሩት መሃሉን ብቻ ነው።

መነጽር የምታደርጉ ሰዎች የጎማውን ጠርዝ ወደ ውስጥ አጥፉት ወይም ጠምዝዛችሁ አስገቡት። መነጽራችሁን ሳታወልቁ ሙሉ ክቡ ከነጠርዙ ካልታያችሁ ያ ዕቃ ለእናንተ አልተሠራም። መግለጫ ወረቀት ካለው ዓይን ከሌንሱ ስንት ሚሊሜትር ርቆ ማየት እንደሚችል ይጽፋል፣ ለእናንተ ከ15 በታች መሆን የለበትም።

5. ሁለቱ ቱቦዎች አንድ ቦታ ማየታቸውን ፈትሹ

ከሁሉም የሚበልጠው ፍተሻ ይሄ ነው። ሌላውን ሁሉ ብትዘሉት እንኳ ይሄን አትዝለሉት።

ረጅም አግድም መስመር ፈልጉ። የጣሪያ ጠርዝ፣ የመብራት ሽቦ፣ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ከሆናችሁ የፋሲል ግቢ አጥር አናት። መስመሩን መሃል ላይ አድርጋችሁ ጥርት እስኪል አስተካክሉት። ከዚያ መስመሩን እያያችሁ ባይኖኩላሩን ቀስ አድርጋችሁ ከዓይናችሁ ወደ ፊት አርቁት፣ አንድ ስንዝር ያህል። አሁን ምስሉ በሁለት ትናንሽ ክቦች ይከፈላል። መስመሩ ከግራው ክብ ወደ ቀኙ ቀጥ ብሎ ካለፈ ጥሩ ነው። በአንዱ ከፍ፣ በሌላው ዝቅ ካለ ቱቦዎቹ ተዛንፈዋል።

የተዛነፈ ባይኖኩላር ሱቅ ውስጥ ለግማሽ ደቂቃ ስታዩበት ላይታወቃችሁ ይችላል፣ ምክንያቱም አእምሯችን ሁለቱን ምስል በግድ ያገጣጥመዋል። ችግሩ የሚመጣው ተራራ ላይ ነው። ትንሽ ስታዩበት ዓይን ይወጠራል፣ ከዚያ ራስ ምታት፣ አንዳንዱን ያቅለሸልሸዋል፣ ከፍታው ነው ብሎ ያስባል። ጎንደር ውስጥ ይሄን የሚያስተካክል ባለሙያ አላጋጠመኝም። ርካሽ ዕቃ ላይ ዝንፈት ከአንዱ ወደ አንዱ ስለሚለያይ ሻጩ ሦስት አራት ፍሬ ካለው ሁሉንም አስወጡና አንድ በአንድ እዩ። ሊነጫነጭ ይችላል። ይነጫነጭ።

6. መስታወቱን እዩ

የፊቱን ሌንስ ከመብራት በታች ያዙና ነጸብራቁን ተመልከቱ። ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ ከሆነ ብርሃን የሚያስገባ ሽፋን ተቀብቷል ማለት ነው። እንደ መስተዋት ነጭ ሆኖ ካብረቀረቀ ሽፋን የለውም። ሽፋን የሌለው መስታወት በእያንዳንዱ ገጹ 4 በመቶ ገደማ ብርሃን ይመልሳል። ውስጥ ያሉት ገጾች ደግሞ ብዙ ናቸው፣ 10 ብቻ ናቸው ብንል እንኳ ከገባው ብርሃን አንድ ሦስተኛው መንገድ ላይ ይቀራል። ካርቶኑ ላይ ኤፍ.ኤም.ሲ. ተብሎ ከተጻፈ ሁሉም ገጽ በብዙ ንብርብር ተሸፍኗል ማለት ነው። ቢጻፍም በዓይናችሁ አረጋግጡ፣ ካርቶን ምንም አይሳነውም።

ያ እንደ ብርቱካን ቀይ ሆኖ የሚያብረቀርቀው ሌንስ ደግሞ ብዙ ሰው ይስባል። ተዉት። ቀዩን ብርሃን ወደ ውጭ እየመለሰ ስለሆነ ነው ቀይ የሚመስለው፣ ለእናንተ የሚደርሰው ምስል ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ያደላል። ቀይ ቀበሮ ለማየት ወጥቶ ቀዩን መጣል ምን የሚሉት ነው?

7. ቅርጹን ምረጡ

ሁለት ዓይነት አለ። ትከሻው ሰፊ የሆነው፣ የፊቱ ሌንስ ከኋላው ራቅ ብሎ የሚቀመጠው ፖሮ ይባላል። ቱቦው ቀጥ ያለው ደግሞ ሩፍ ነው። ቀጥ ያለው ያምራል፣ ይቀላል፣ ውሃም በቀላሉ አያስገባም። ነገር ግን ፕሪዝሙ በጣም በጥንቃቄ መሠራት አለበት፣ ጥርት እንዲልም ለብቻው የሆነ ሽፋን ይፈልጋል። ይሄ ሁሉ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ኪሳችሁ ሳሳ ካለ በተመሳሳይ ዋጋ ፖሮው የተሻለ ምስል ይሰጣችኋል። የድሮ ነው የሚመስለው ብላችሁ አትናቁት።

8. ደጅ አውጥታችሁ፣ ሲመሽ ፈትኑት

ሱቅ ውስጥ በአምፖል ብርሃን ሁሉም ያምራል። መታወቂያ ወይም ብር አስይዙና በር ላይ ይዛችሁት ውጡ። 11 ሰዓት ተኩል ላይ ጥላ ውስጥ ያለ ግድግዳ ወይም የዛፍ ሥር እዩበት። ድንጋዩንና ቅጠሉን ለይታችሁ ካያችሁ ዋጋ አለው። በዓይናችሁ ከምታዩት ይልቅ ከጨለመ ዋጋ የለውም።

ቀጥሎ የቴሌ ማማ ወይም የባሕር ዛፍ ጫፍ ከሰማይ ጋር የሚገናኝበትን ጠርዝ እዩ። ሐምራዊ ወይም አረንጓዴ መስመር ጠርዙን ይከበዋል። ትንሽ ሁሉም ላይ አለ፣ ብዙ ከሆነ ግን ገደል ጫፍ ላይ የቆመ እንስሳ ዳር ዳሩ ይደበዝዝባችኋል። በመጨረሻ ታፔላውን ከመሃል ወደ ዳር አምጡት። ዳር ላይ ትንሽ መደብዘዝ ያለ ነው። ግማሹ ምስል ከደበዘዘ ይቅርባችሁ።

9. መዘውሩና መገጣጠሚያው

የመሃሉን መዘውር ከጫፍ እስከ ጫፍ አዙሩት። ጥርስ ጥርስ ካለ ወይም ወደ ኋላ ስትመልሱት ባዶ ቦታ ከሄደ ተዉት። ቀስ አድርጋችሁ ነቅንቁት፣ የሚንኳኳ ድምፅ ከሰማችሁ ፕሪዝሙ ተፈቷል።

ናይትሮጅን ወይም አርጎን የተሞላ የሚል ካለው ውስጡ በጉም አይሸፈንም፣ ክረምት ለምትሠሩ ተጨማሪ ብትከፍሉበት አይቆጭም። ውሃ ውስጥ ነክሬ ልሞክረው ግን አትበሉ።

ያገለገለ ከሆነ (የሩሲያ ሥራ የሆኑት አሮጌዎቹ ጠንካራ ናቸው፣ ምስላቸው ወደ ቢጫ ቢያደላም) የስልካችሁን መብራት በአንዱ ጫፍ አብሩና በሌላው ጫፍ አጮልቁ። የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካያችሁ ሻጋታ ነው። ሻጋታ መስታወቱን ስለሚበላው ቢጠረግም ጠባሳው አይለቅም።

10. ዋጋ

የብሩ ዋጋ ስለሚቀያየር ቁጥር አልጽፍም። በውጭ ገበያ ከ100 እስከ 200 ዶላር ባለው ውስጥ የኒኮን አኩሎን፣ የሴለስትሮን ኔቸር ዲኤክስ፣ የቮርቴክስ ክሮስፋየር ዓይነቶቹ ይገኛሉ፣ ለአስጎብኚ ሥራ ከበቂ በላይ ናቸው። አኩሎኑ ፖሮ ነው፣ ውሃ አይችልም፣ ይሄን እወቁ። ስሙ በአንድ ፊደል የተቀየረ ወይም ዋጋው ለማመን የሚከብድ ካጋጠማችሁ ፎርጅድ ነው ብላችሁ ጀምሩና ከቁጥር 3 እስከ 6 ያለውን ድገሙ።

ማስጠንቀቂያ

በፍጹም ወደ ፀሐይ አትመልከቱ። ለቅጽበት እንኳ ቢሆን። ሌንሱ ብርሃኑን ሰብስቦ ዓይን ውስጥ ይለቀዋል፣ የተቃጠለ ዓይን አይመለስም። ልጆች እጅ ላይ ብቻውን አትተዉት።

ከውጭ ዘመድ እንዲያመጣላችሁ ከፈለጋችሁ ቀድማችሁ ጉምሩክ ጠይቁ። አየር ማረፊያ ላይ ባይኖኩላር የሚያዝበት ጊዜ አለ።

ኬላ ስትደርሱ አንገታችሁ ላይ አንጠልጥላችሁ አትውረዱ፣ ቦርሳ ውስጥ ይግባ። ወታደራዊ ቦታ፣ ድልድይ ላይ ያለ ጥበቃ፣ የሰው ግቢ ላይ አትደግኑት። የአስጎብኚነት መታወቂያ ያላችሁ ያዙት። «ወፍ እያየሁ ነው» የሚለው መልስ ለሁሉም ሰው አይገባም።

ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው

ዙም ያለው መግዛት። ከ10 እስከ 30 ይደርሳል ይባላል። ሁለቱ ቱቦዎች እኩል አብረው ማጉላት ስላለባቸው በቀላሉ ይዛነፋል፣ እይታውም ጠባብ ነው።

«በሌሊት ያሳያል» የሚለውን ማመን። ተራ ባይኖኩላር ያለውን ብርሃን ይሰበስባል እንጂ ጨለማ ውስጥ አያይም።

ሌንሱን በሸሚዝ ወይም በነጠላ ጫፍ መጥረግ። በጋ ላይ የኛ አቧራ ደቃቅ ድንጋይ ነው፣ ስትፈትጉት ሽፋኑን ይቧጭራል። መጀመሪያ እፍ በሉበት ወይም በለስላሳ ብሩሽ አራግፉ፣ ከዚያ ነው ጨርቁ የሚመጣው።

ክረምት ላይ ቦርሳ ውስጥ ቆልፎ ማስቀመጥ። ሻጋታ የሚበቅለው ያኔ ነው። አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምታገኟትን እርጥበት የምትመጥ ትንሽ ከረጢት አብራችሁ ክተቱ፣ አልፎ አልፎም አውጥታችሁ አናፍሱት።

ጨነቅ አድሮ በውርጭ የቀዘቀዘውን ይዞ ቀጥታ እሳት ወዳለበት ክፍል መግባት። ሌንሱ ወዲያው ጤዛ ይለብሳል። ቦርሳው ውስጥ እንዳለ አስገቡት፣ ዚፑን ሳትከፍቱ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆይ።